ሁለት ጉበት የደረሰው መደብ

ሰው በብዙ ነገር ይዋረዳል፤ እኔ የተዋረድኩት በጉበት ነው። የራሴ ጉበት ቢሆን ኖሮ ሰው ያዝንልኝ፣ ብርቱካን ይዞ ይጠይቀኝ ነበር። የበሬ ጉበት ነው። ያኔ ቆቦ የነበረ ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ካገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጤናዬን ወይም ልጆቼን አይደለም። ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ "መምህር፣ የጉበቱ ነገርስ?" ይለኛል። ታሪኩን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላችኋል። ሌሎቹ ሲያወሩት ጉበቱ ሁለት መሆኑ ቀርቶ አራት አምስት ይደርሳል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጎጃም ተነስቼ ባዮሎጂ ላስተምር ቆቦ ተመደብኩ። እናቴ የሠራችልኝን የሱፍ ሹራብ ለብሼ ከአውቶቡስ ስወርድ የጣቢያው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። ለምን እንደሚያየኝ የገባኝ ሻንጣዬን ይዤ ሃምሳ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው። የቆቦ ፀሐይ ሹራቡን ላንዴና ለመጨረሻ ጊዜ አስወለቀችኝ። ሌላው መምህር ሁሉ በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ሲጽፍ እኔ ግን አገሩም ሰዉም ተስማማኝ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ጭራሽ የሰፈሩ የቅርጫ አባል ሆንኩ፤ ይኼ ደግሞ ከቀበሌ መታወቂያ የበለጠ መታወቂያ ነው።

ወደ ጉበቱ ከመሄዴ በፊት ወደ ክሮሞሶሙ ልሂድ፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው። ሁዳዴ ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስራ አንደኛ ክፍል የሴል ክፍፍል ላይ ደረስን። ትምህርት ቤታችን አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ መስታወቱ ግን ከእኔ በፊት የጠፋ ስለሆነ በሱ የሚታየው የገዛ ሽፋሽፍታችን ነበር። ስለዚህ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሠራሁና "ይኼ የማሽላ ሴል ነው" አልኩ። ማሽላን የመረጥኩት ራያ ውስጥ ሌላ ነገር ብመርጥ የሚሰማኝ ስለማላገኝ ነው።

"የማሽላ ሴል በውስጡ ሃያ ክሮሞሶሞች አሉት" ብዬ ቀጠልኩ። "ክር ክር የሚመስሉ ናቸው። ማሽላ ማሽላ እንዲሆን፣ ቅጠሉም ቁመቱም ፍሬውም ምን እንዲመስል የሚያዘው እነሱ ላይ ነው ያለው። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ልጆች ይኼን ትእዛዝ ሳይጎድል መያዝ አለባቸው..." ዘወር ብዬ ሳይ ስድሳ ተማሪ ስድሳ ዓይነት እንቅልፍ ተኝቷል። ሙቀት ነው፣ ጾም ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔም ተስፋ በመቁረጥ አንድ ቃል ጣልኩ። "ቅርጫ ታውቃላችሁ?"

በሁዳዴ ሰባተኛ ሳምንት ቅርጫ የሚል ቃል መናገር ክፍል ውስጥ ፈንጂ እንደመጣል ነው። ሁሉም ነቃ። ኋላ የተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"በቅርጫ ጊዜ" አልኩ፣ ደስ ብሎኝ፣ "አንዱ ቤት ሻኛውን ብቻ፣ ሌላው ጨጓራውን ብቻ ይወስዳል? አይወስድም። ለያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ዓይነት ይደርሰዋል። ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም። ሴልም እንደዚሁ ነው። ለሁለቱም ልጆች ከሃያው ከያንዳንዱ ዓይነት ይደርሳቸዋል።"

ፊት ወንበር ላይ ሉባባ የምትባል ልጅ ነበረች። ይህች ልጅ እጇን ስታወጣ መምህራን ሁሉ ሰዓታቸውን የሚያዩባት፣ ደወሉ እንዲደርስላቸው የሚጸልዩባት ተማሪ ናት። እጇን አወጣች።

"መምህር፣ እኛ እንኳ የምናርደው ለአረፋ ነው፤ ግን ማካፈሉ ያው ነው። በሬ ለአስራ ስድስት ሲካፈል ላንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ሃያው ክሮሞሶም ለሁለት ሲካፈል ታዲያ አስር አስር መሆን አልነበረበትም?"

በደስታ ጠመኔዬን ሰበርኩ። "እዚህ ላይ ነው ሴል ከበሬ የሚለየው! ሴሉ ገና ሳይከፈል፣ ቀደም ብሎ፣ ሃያውንም አንድ በአንድ ይቀዳቸዋል። እያንዳንዱ ከቅጂው ጋር መሃል ለመሃል ተጣብቆ መንታ ይሆናል። ከዚያ ሃያዎቹ መንቶች የሴሉ መሃል ላይ ይሰለፋሉ። ከሁለቱ ዳር፣ ዋልታ ከምንለው፣ ቀጫጭን ገመዶች ይመጡና አንደኛውን ከዚህ፣ ሌላኛውን ከዚያ ይይዙታል። ከዚያ ሳብ! መንቶቹ ይለያያሉ። ሃያ ወዲህ፣ ሃያ ወዲያ። በሴሉ መሃል ግድግዳ ይሠራና ሁለት ይሆናል። ማንም አይጎድልበትም።"

ሉባባ ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው ቅርጫ አይደለማ" አለች። እኔም "ለምሳሌ ነው" ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ። እንደ ሰሌዳው ነገሩንም አጥፍቼው ብሄድ ኖሮ ዛሬ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ግን ምሳሌዬ ለራሴ በጣም ጣፈጠኝ። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ስሄድ እንኳ በልቤ "ያዝ፣ ለይ፣ ሳብ" እል ነበር።

አሁን ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። የሰፈራችን ቅርጫ አስራ ስድስት ቤት ነው። አካፋዩ አከራዬ አያ ደስታ ናቸው። ቢላ የሚይዙት ከእኔ እድሜ በፊት ጀምሮ ነው። አያ ደስታ ሲያካፍሉ አስራ ስድስት የቅጠል ጉዝጓዝ ዙሪያውን ያስነጥፋሉ፤ ያ እያንዳንዱ መደብ ነው። አንዱን ብልት ያነሳሉ፣ አስራ ስድስት ቦታ ይቆርጣሉ፣ እየዞሩ በየመደቡ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ይቆማሉ። ወገባቸውን ይዘው ዙሪያውን ያያሉ። ሳያዩ ሌላ ብልት አያነሱም። እኔ ይኼን መቆም ሁልጊዜ የወገብ ሕመም ይመስለኝ ነበር።

ዕጣ የሚጥሉልን ደግሞ ማዶ ያሉት የከብት ደላላው አያ ሰይድ ናቸው። በሬውን የሚመርጡልን እሳቸው፣ ዕጣውን የሚጥሉት እሳቸው፤ ስጋውን ግን እስላም ናቸውና አይቀምሱትም። በሬው ሲታረድና ሲካፈል ቤታቸው ይገባሉ፤ መደቡ ሲያልቅ ይጠራሉ። "እኔ አልበላው፣ ለየትኛው መደብ ላዳላ?" ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ዳኛ የት ይገኛል? ለእነሱ ለአረፋ ሲታረድ ደግሞ ዕጣ ጣዩ አያ ደስታ ናቸው።

ሦስተኛዋ እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ጎረቤታችን። ልጁ ምስጋናው ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ደብዳቤውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። እትዬ ዘነቡ መሠረተ ትምህርት ተምረው የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፣ ማንበብ ይችላሉ። ግን "እኔ ሳነበው ደብዳቤ ነው፤ አንተ ስታነበው እሱ የሚያወራ ይመስለኛል" ይሉኝ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ምስጋናው ፈቃድ እንዳገኘና የፋሲካ ዕለት በቀትሩ አውቶቡስ እንደሚገባ ጽፏል። ታች ላይ ደግሞ "እማዬ፣ የአንቺን ዱለት በሕልሜ በላሁት፤ ስነቃ አፌ ባዶ ነው" ይላል። ይኼን መስመር ብቻ ሰባት ስምንት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። ሰፈሩም ቃል በቃል ያውቀዋል። እትዬ ዘነቡ ላገኙት ሁሉ "ገና ከአውቶቡስ እንደወረደ ዱለት ነው የማጎርሰው" ይሉ ነበር። ዱለት ደግሞ ያለ ጉበት ዱለት አይሆንም።

የፋሲካ ጠዋት ደረሰ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ተበለተ። አያ ደስታ አንድ ብልት እየቆረጡ፣ እየዞሩ፣ እየቆሙ፣ እያዩ ቀጠሉ። ፀሐይዋ ወጣች፤ ጎድኑ እንኳ ገና አላለቀም። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ስጋ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱ "በዚህ አያያዝ ለጰራቅሊጦስ እንደርሳለን" አለ። እኔን እንግዲህ አንደበቴ አላርፍ አለኝ።

"አያ ደስታ" አልኩ፣ "ይኼ ነገር በሳይንስ ቢሆን እኮ በሩብ ሰዓት ያልቃል።"

አያ ደስታ ቀና ብለው አዩኝ። "በሳይንስ?"

"አስራ ስድስት ጊዜ መዞር ምን ያደርጋል? ሁሉንም ለሁለት እንክፈል። ሁለቱን ለአራት። አራቱን ለስምንት። ስምንቱን ለአስራ ስድስት። አራት ጊዜ ብቻ ነው! ተፈጥሮ ራሷ የምትሠራው እንደዚህ ነው። አንድ ሴል..."

"ያድርገው! ያድርገው!" አለ ሕዝቡ። ሴሉን ሊሰማ የፈለገ ግን አልነበረም። አያ ደስታ ቢላቸውን በቅጠል ጠርገው እጀታውን ወደ እኔ አዞሩና ሰጡኝ። "በል መምህር። እኔም አንድ ዓመት ልረፍ" ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቢላው ከብዶኝ ነበር፤ ግን ክብርም ነበረው፣ ሸሚዜን ጠቀለልኩ።

ሁለት ጎረምሶች መረጥኩ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ይቆማል። እነሱ ገመዶቹ ናቸው። እኔ መሃል እቆርጣለሁ፣ እነሱ ግማሽ ግማሹን ወደየዳራቸው ይስባሉ። "ያዝ! ለይ! ሳብ!" መጀመሪያው ዙር እንደ ቅቤ ሄደ። ሁለት ክምር ሆነ። ሁለተኛው ዙር አራት። ሦስተኛው ስምንት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከጎጃም ድረስ ተልኬ የመጣሁት ለዚህ ቀን መሰለኝ።

አራተኛው ዙር ላይ ጭብጨባው አናቴ ላይ ወጣ። ዝም ብዬ መቁረጥ ሲገባኝ ማስተማር ጀመርኩ። ከስምንቱ ክምር በአንዱ ላይ ጉበቷን ቆርጬ ለሁለት እንዳደረግኋት "አስተውሉ!" አልኩና ቢላዬን ወደ ምሥራቅ ዘረጋሁ። "ሴሉ ሁለት ዋልታዎች አሉት! አንደኛው እዚያ ነው!" ጎረምሳው ምስኪን የሴል ዋልታ ከየት ያውቃል? ትእዛዝ መስሎት ሁለቱንም የጉበት ቁራጭ ወደ ምሥራቅ ሳባቸው። እኔም ሳላይ ወደ ሌላው ክምር አለፍኩ። አስራ ስድስቱ መደብ ሲያልቅ ፀሐይዋ ገና አናት አልደረሰችም። "ቅጠል አልብሱት!" አልኩ፣ እንደ ጄኔራል።

አያ ሰይድ ተጠሩ። ሁላችንም የየራሳችንን ምልክት ሰጠናቸው። አንዱ የበር ቁልፍ፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ፣ አንዱ ጠጠር ሰጠ። እኔ ሁልጊዜ የምሰጠው ቁራሽ ጠመኔ ነው። እትዬ ዘነቡ የሰጡት ከምስጋናው የድሮ ሸሚዝ ላይ የወለቀ ቁልፍ ነበር። አያ ሰይድ ምልክቱን እፍኛቸው ውስጥ ነቅንቀው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው "ቢስሚላህ" እያሉ በየመደቡ ጣሉ። ሁሉም ወደ ምልክቱ ሄደ።

እትዬ ዘነቡ ቅጠሉን ገለጡ። ጎድኑን አዩ፣ ሻኛውን አዩ፣ ጨጓራውን አዩ። ሁሉንም እያነሱ ከሥር አዩ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ "ጉበቴስ?" አሉ።

ሁሉም የየራሱን መደብ አገላበጠ። እኔም አገላበጥኩ። ከጠመኔዬ ሥር ሁለት ጉበት ተኝተዋል፤ ጎን ለጎን፣ አንድ ላይ፣ ምንም እንዳላጠፉ። አስራ አምስት ቤት ሰው መጀመሪያ ጉበቶቹን፣ ቀጥሎ ጠመኔውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"የሱ ሳይንስ ቤቱን አይስትም" አለ ያ ስለ ጰራቅሊጦስ ያጉረመረመው ሰው።

ፊቴ እሳት ሆነ። አንዱን ጉበት አፈፍ አድርጌ ወደ እትዬ ዘነቡ መደብ ሮጥኩ። አያ ደስታ ከድንጋያቸው ላይ ተነስተው መንገዱን ዘጉብኝ። "መልስ" አሉኝ። "ዕጣ ወድቋል። ዕጣ ከወደቀ በኋላ ከሰው መደብ ማንሳትም ወደ ሰው መደብ መጨመርም የለም። ዛሬ ላንተ ከፈቀድን ለሚመጣው ዓመት ሁሉም 'የኔ አነሰ' እያለ ቢላ ይማዘዛል።" እውነታቸውን ነው፤ ቅርጫው ስንትና ስንት ዓመት ያለ ጠብ የቆየው በዚህ ሕግ ነበር።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። እትዬ ዘነቡ ሥጋቸውን እንቅባቸው ላይ እየደረደሩ "ምን አጠፋህ? ያልተጻፈልኝ ነው" አሉ። እንቅቡን አንስተው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሄዱ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። ያቺን "አፌ ባዶ ነው" የምትለዋን መስመር በገዛ አፌ ሰባት ስምንት ጊዜ ያነበብኳት እኔ ነኝ።

አውቶቡሱ እስኪገባ ሁለት ሰዓት ያህል ነበረኝ። ጉበቷን በሳህን አድርጌ እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆምኩ። ብቅ አሉና ሳህኑን አዩ። "ግባ መምህር፣ እንኳን አደረሰህ። ሳህኑ ግን ውጭ ይቆይ" አሉኝ። ለመንኩ። "ልጄን ከሰው ድርሻ ተቀንሶ በተሰጠኝ አላበላውም። የደረሰኝን አውቃለሁ፤ በጨጓራውም በቀይ ሥጋውም አደርግለታለሁ" አሉ። ይኼን እያሉ ዓይናቸው ወደ ሳህኑ አንድ ጊዜ ሄዳ ተመለሰች። ያቺን እይታ ማየት አልነበረብኝም።

ቤቴ ተመልሼ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ጉበቷን በጋዜጣ ጠቅልዬ እትዬ ዘነቡ ሳያዩኝ ጓዳቸው መስኮት ላይ አስቀምጬ መጥፋት! ማን እንዳመጣው አያውቁም። እንደማያውቁ ማን እንደነገረኝ እንጃ፤ በሰፈሩ ሁለት ጉበት ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ያም ሆኖ በአጥሩ ጥግ ጥግ ጎንበስ ብዬ ስሄድ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ፊቴ ቆመ።

"ጓድ መምህር፣ ምንድነው የያዝከው?"

"ጋዜጣ ነው።"

ዝቅ ብዬ ሳይ ጋዜጣው ደም ያንጠባጥባል። ያውም ፊተኛው ገጽ ላይ ስለ እርሻ ዘመቻ የተደረገው ረጅም ንግግር ነበር፤ ደሙ ደግሞ ልክ ርዕሱ ላይ ነው የወጣው።

"ጋዜጣ ይደማል እንዴ?"

"ጉበት አለበት።"

"የማን?"

"የእኔ ነው... ማለቴ የበሬ ነው፤ ግን የእትዬ ዘነቡ መሆን ነበረበት።"

ጥበቃው ትንሽ አየኝ። ከዚያ ፊቱ በራ። "አሃ! የጉበቱ ሰውዬ አንተ ነህ?" አለና ሳቀ። ከቅርጫው አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቀበሌ ደርሷል። "ሂድ፣ ሂድ" አለኝ፣ "ግን ጋዜጣውን ቀይር።" ይኼ ሁሉ ሲሆን እትዬ ዘነቡ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩኝ ነበር። ገብተው መስኮቱን ዘጉት።

ጉበቴን ይዤ አያ ሰይድ ቤት ፊት ያለው ዛፍ ሥር ሄጄ ቁጭ አልኩ። አያ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከወልድያ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ቆሞ ሾፌሩ "አውቶቡሱ ጎብዬ ላይ ጎማ ሲቀይር ነው የቀደምኩት፤ ይኼኔ እዚህ ቅርብ ሮቢት ደርሷል" ብሎ አለፈ። ራሴን በእጄ ያዝኩ።

"አብሽር መምህር፣ አብሽር" አሉኝ አያ ሰይድ። "የሰው ነፍስ የጠፋብህ ትመስላለህ።"

"አያ ሰይድ፣ አልቀበል አሉኝ።"

"ታዲያ እንዴት ትቀበልህ? አንተ ጎደለብሽ ብለህ ነው የምትሰጣት። እሷ ወላሂ ጎደለብኝ አትልም፤ ኑሮዋን ሁሉ እንዲያ ሳትል ነው የኖረች።" መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "እስቲ ንገረኝ፣ ሰው ከሩቅ አገር ሲመጣ እናንተ ጎጃሞች እንኳን ደህና መጣህ ልትሉት ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን ነው?"

"ኧረ አይደለም።"

"እንግዲያው ለሷ ለምን ትሰጣለህ? ልጁ ይግባና እንግዳ ልትጠይቅ ሂድ። ለእንግዳ የመጣ ነገር ይመለሳል እንዴ?"

ባዮሎጂ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም። ተነስቼ የአያ ሰይድን ጉልበት ልስም ቃጣኝ፤ ጉበቱን ስለያዝኩ ተውኩት።

አውቶቡሱ ገባ። ምስጋናው የወታደር ቦርሳውን አንግቦ ወረደ። ቀጥኗል፣ ጠቁሯል፣ ረዝሟል። እትዬ ዘነቡ እልል እያሉ ሮጡና ደረቱ ላይ ወደቁ፤ እልልታው መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና እልልታ ሆነ። እኔ ከሩቅ ቆሜ አየሁና ዓይኔን ጠረግሁ። ቤታቸው እስኪገቡ፣ ውሃ እስኪጠጣ፣ እግሩን እስኪታጠብ ጠበቅሁ። ከዚያ ጉበቴን በንጹሕ ሳህን አድርጌ ጋቢዬ ሥር ደበቅሁና ሄድኩ።

"እንኳን ደህና መጣህ ምስጋናው!" ብዬ ገባሁ። ዞር ስል አያ ደስታ የጭቃው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ከፊት አብጧል። አየሁት። እሳቸውም የእኔን ጋቢ አዩ። በሩ ተንኳኳ፤ ያ ስለ ጰራቅሊጦስ ያጉረመረመው ሰው "እንኳን ለእናትህ አበቃህ" እያለ ገባ፣ ብብቱ ሥር የሆነ ነገር ይዟል። ከሱ ኋላ ሌላ ጎረቤት፣ ከሱ ኋላ ሌላ። አያ ደስታ ትዕግሥታቸው አለቀና ጋቢያቸውን ገልጠው "ይኼ ለልጁ ነው" ብለው አንድ ቁራጭ ጉበት ገበታው ላይ አስቀመጡ። እኔም አወጣሁ። ያ ሰውዬም አወጣ። ሁሉም አወጣ። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ተማክሮ፣ እያንዳንዱ ከእኔ በቀር ማንም አላሰበውም ብሎ፣ የደረሰውን ጉበት ይዞ መጥቷል።

ጠዋት ለአስራ ስድስት የተቆራረጠው ጉበት ቀትር ላይ እትዬ ዘነቡ ገበታ ላይ ተመልሶ ሙሉ ሆነ። ሁለተኛው ጉበቴ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱንም ሮጬ አመጣሁት። ምስጋናው ገበታውን አየ፣ እኛን አየ። "እማዬ፣ ምነው? ቤቱ ልኳንዳ መሰለ" አለ። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ወጡ። ገበታውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔን ፈልገው አዩኝ። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ለእንግዳው ነው እትዬ" አልኩ።

"እሱማ ለእንግዳ ከሆነ..." አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መሰለኝ፤ ነጠላውን ሲያነሱ እየሳቁ ነበር። "ኧረ እናንተዬ፣ ልጄን ጉበት ብቻ አብልታችሁ ልትገድሉት ነው? ተቀመጡ! ማንም አይወጣም!"

ዱለቱ ተሠራ። እትዬ ዘነቡ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለምስጋናው አጎረሱት። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ "እውነተኛው ነው" አለ። ሁለተኛው ጉርሻ የእኔ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የጣፈጠ ነገር አልበላሁም፤ ሚስቴ ይኼን ስታነብ ይቅርታዋን እለምናለሁ።

እየበላን አያ ደስታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "መምህር፣ ቶሎ የማልጨርሰው ለምን ይመስልሃል? እኔ እኮ ቆሜ የማየው ወገቤ ታሞ አይደለም። በየመደቡ መድረሱን ሳላይ ሌላ አላነሳም። አንተ ቶሎ ልትስብ ቸኮልክ።"

ሴልም እኮ እንዲሁ ነው! መንቶቹ መሃል ላይ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ከሁለቱም ዳር በገመድ መያዙ እስኪረጋገጥ ሴሉ ይቆማል። አንዷ ሳትያዝ ከቀረች ይጠብቃል እንጂ አይስብም። መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምዘለው መስመር። አያ ደስታ መጽሐፉን አይተውት አያውቁም፤ ያንን መስመር ግን ሲሠሩበት ኖረዋል።

ትምህርት ሲከፈት ክፍል ገብቼ ዳግመኛ ክቡን ሣልኩ። በዚህ ጊዜ መሳቡ ላይ ሳይሆን መቆሙ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁ ነበር፤ ታሪኩን የማያውቅ አንድም አልነበረም። ፈተናው ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አወጣሁ፦ "ሴል ሲከፈል አንዱ ክሮሞሶም ከቅጂው ሳይለያይ ቀርቶ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ቢሳቡ ምን ይሆናል?" ከስድሳው አርባ የሚሆነው "አንዱ ሁለት ጉበት ይደርሰዋል" ብሎ ጻፈ። ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ሰጠሁ፤ ምን ላድርግ፣ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

የሉባባ መልስ ግን ሌላ ነበር። "አንዱ ሴል ይተርፈዋል፣ አንዱ ይጎድለዋል" ብላ ጻፈች። "የጎደለው ሴል ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ የተረፈውም ቢሆን ጤና ያጣል። ምክንያቱም ሴል ዕጣው ከወደቀ በኋላ ጎረቤት ሄዶ እንኳን ደህና መጣህ የሚል የለውም።" ሙሉ ሰጠኋት።

ምስጋናው ፈቃዱን ጨርሶ ተመልሶ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሱ ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነው፣ ሰፈሩን ሁሉ ሰላም ይላል። ለእትዬ ዘነቡ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከዚያ የሉባባን የፈተና ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ እሱንም እንደ ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ሴል ምን እንደሆነ፣ ዓይን የማያያት ትንሽ ነገር እንደሆነች፣ ሁላችንም ከሷ እንደተሠራን አስረዳኋቸው። እትዬ ዘነቡ ሰሙኝና ስለጎደለባት ሴል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምስኪን!" አሉ። "ምነው እኛ ሰፈር ብትሆን ኖሮ።"